የሰይድ ጤነኛ ጥርስ

የልጅ ልጄ ሰናይት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ የሄደችው በግድ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አዲስ የጥርስ ክሊኒክ ተከፍቷል ብላ ስትነዘንዘኝ ከረመች። «አባባ፣ እርስዎ እኮ እንጀራውን እያላመጡት አይደለም፤ እየዋጡት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የቀሩኝ ጥርሶች እንደ ቆላ ግራር ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር ከተገናኘ ቆይቷል። እኔ ሐሳቤ አብሬያቸው ልቀበር ነበር፤ ከዚህ በኋላ ምን አጣላን። ገና በሩን ስንገባ ግን የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ግድግዳው ነጭ፣ ወንበሩ ነጭ፣ ሐኪሟ ልጅ የለበሰችው ነጭ ነው፤ ቬንትሌተሩ ከጣራው ላይ ይሽከረከራል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የነበርኩት ግመል በሚታሰርበት ግራር ሥር፣ በጣሊያን ጊዜ ነው። አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ። ሰናይት «ፈሩ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አዎ፣ ፈርቻለሁ፤ ያስፈራኝ ግን መርፌው አይደለም።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። እኔ የማስታውሰው ማርትሬዛ ብር ያለው ሰው መሬት ቆፍሮ ሲቀብር፣ ሊሬ የሚሉት ወረቀት ገበያ ላይ ብቅ ሲል፣ ጨርቅ ነጋዴው አቡጀዲውን ከፊት ሰቅሎ ሻሹን ከኋላ ሲደብቅ፣ ዶሮ በሁለት ፍሬ ጥይት ሲለወጥ ነው። ዛሬ የደሴ አውቶቡስ የሚከንፍበት ይህ መንገድ ያኔ በድማሚት ይፈለጥ ነበር፤ አቧራው እስከ ጀውሃ ድረስ ቀኑን ሙሉ ከሰማይ አይወርድም። እኔ ብርድ ያሳደገኝ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ጋሼ ወንድይራድ የሚባሉ ሰው ጎበዝ አሰባስበው፣ ከገደሉ በታች ያለው ቆላ ውስጥ ጫካ ሲገቡ ተከትያቸው ወረድኩ። ከጣሊያን በፊት ሊገድለኝ የተነሣው ሙቀቱ ነበር። ለካ ሦስተኛ ጠላት ደግሞ አፌ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል።

ቆላውን ያስለመደኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የይፋት ልጅ ነው፤ እናቱ እትዬ ዘሃራ ከጀውሃ ወዲያ ባለች መንደር ማሽላቸውን እየጠበቁ ይኖሩ ነበር። ሽርጡን አሸርጦ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ መፋቂያውን በጉንጩ በኩል ሰክቶ ሲሄድ አሁን ድረስ ይታየኛል። ከሶላት በፊት ይፍቃል፣ እህል ከቀመሰ በኋላ ይፍቃል፣ ሥራ ሲፈታ ይፍቃል። እሱ «ሲዋክ» ነበር የሚለው። ጥርሱን ለማየት ሲሉ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ነገር ይፈልጉት ነበር። ጋሼ ወንድይራድም «አንተ ልጅ፣ ስትስቅ ከጣሊያኑ ካምፕ ድረስ ይታያል፤ ግጠመው!» እያሉ ይቀልዱበታል። ሁለተኛው ኩራቱ ዝምታው ነው። ልጅ ሆኖ ከእኩዮቹ ጋር ሲገረዝ ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሱ ትንፍሽ አላለም ይባላል። እትዬ ዘሃራ በየሰርጉ «የኔን ልጅ ስለት አያስጮኸውም» እያሉ ስለሚያወሩ ይህን የማያውቅ የይፋት ሰው አልነበረም። እኛም አሥር ጊዜ ሰምተነዋል፤ አሥራ አንደኛውን የሚነግረን ራሱ ሰይድ ነው።

አንድ ቀን ከተገለበጠ የጣሊያን መኪና ላይ ጓዝ አገኘን። ጥይት ፍለጋ ስንጣደፍ ያገኘነው አንድ ጆንያ ስኳርና አንድ ሳጥን ሙሉ የጥርስ ብሩሽ ነበር። ብሩሹን አገላብጠን ካየን በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ ጣሊያን ቤት ያገለገለ ሰው፣ «ይሄ እኮ የአሳማ ጠጉር ነው» አለ። ያን ቀን እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ምራቁን ተፋ። ሰይድ ግን መጣሉ አሳዝኖት ሳጥኑን ሰበሰበና ለየሰዉ አደለው፤ ከዚያ በኋላ የጠመንጃችንን አፈሙዝና ቃታ የምንጠርገው በእሱ ሆነ። እንደዚያ የጸዳ ጠመንጃ በሕይወቴ አላየሁም። ስኳሩን ግን እኔ ወደድኩት። በእፍኜ፣ በኪሴ፣ በራስጌዬ አደረግሁት። ሰይድ አንድ ፍሬ አልቀመሰም። «ደምሴ፣ ተው፤ የጠላት ነገር አይጣፍጥም» ይለኛል፣ «ይሄኛው ይጣፍጣል» እለዋለሁ። ጣሊያን በጥይት የሳተኝን በስኳር አገኘኝ።

የመንጋጋዬ ሕመም የጀመረው እንደ ቀልድ ነው። ከዚያ ጉንጬ አበጠ፣ ከዚያ አንድ ዓይኔ ተከደነ፣ ከዚያ ዓለም በሙሉ ተሰብስባ አንዲት ጥርስ ውስጥ ገባች። ያልሞከሩብኝ መድኃኒት የለም። ቅርንፉድ ወቅጠው ጠቀጠቁበት፣ ትምባሆ አስነከሱኝ፣ የሚስማር ጫፍ አግለው ነኩት። አንዱ «በሌላኛው በኩል ብትተኛ ይሻልሃል» አለኝ፤ ያንን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም። እኔ ግን መቃተቴን መተው አልቻልኩም፤ መቃተት ደግሞ እዚያ ሰው ያስገድላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ለጣሊያን የተቀጠሩ አስካሪዎች ቅኝት ተደብቀን ከተኛንበት ቁጥቋጦ ሥር አለፈ። የአንዱ ጫማ የሰይድን ሽርጥ ጫፍ ረግጦ ነው የሄደው። እኔ የጠመንጃዬን ማንገቻ ነክሼ፣ እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ እየገባ፣ ዝም አልኩ። ከእነሱ ኮቴ ይልቅ የጥርሴ ትርታ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። ሲርቁ ጋሼ ወንድይራድ ግንባራቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ተቻለ። ነገ ግን ወይ ጥርስህ ይወጣል፣ ወይ አንተ ከመካከላችን ትወጣለህ» አሉኝ። በክፋት አልነበረም፤ የሁሉም ነፍስ በእኔ አፍ ውስጥ ነበር።

በገበያው ቀን ሰይድ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዞኝ ወረደ። ጎፈሬዬን ላጨኝ፣ የእሱን ትርፍ ሽርጥ አለበሰኝ፣ ማተቤን ከእጀ ጠባቤ ሥር ደበቅሁ። ጠመንጃችንን ትተን ስንሄድ ራቁቴን የሄድኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። ገበያው ሞቅ ያለ ነው፤ ከአፋር ወገን ጨው የጫኑ ግመሎች፣ ከደጋ የወረደ ገብስ፣ የማሽላ ክምር፣ በቆርቆሮ የሚሰፈር የጣሊያን ናፍጣ። ጥርስ ነቃዩ አያ ሙሄ የሚቀመጡት በገበያው ዳር፣ ግመል በሚታሰርበት ግራር ሥር ነው። ዕቃቸው የአንጥረኛ ጉጠት፣ የጨው ውሃና አንድ ቋጠሮ ቅርንፉድ ናቸው። በሽተኛውን የተደፋ ሙቀጫ ላይ አስቀምጠው፣ ጭንቅላቱን ከኋላ ሰው አስይዘው ወሬ ይጀምሩለታል። «ማሽላው እንዴት ከረመ?» ይሉታል። «ደህና» ሊል አፉን ሲከፍት ጉጠቱ ገብቷል። ከዚያ ጩኸት ነው። ጩኸቱን ለመስማት ሰዉ ሥራ ፈቶ ይከብባል፤ ሴቶቹ «ይሄኛው ከቅድሙ ነጋዴ ይበልጣል» እያሉ ያማርጣሉ።

ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንድ የአስካሪ አለቃ ነበር። ቀይ ተርቡሽ ቆቡን አጥልቆ ጉንጩን በነጭ ሻሽ ከአገጩ እስከ አናቱ ጠፍሮታል። አጠገቡ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ሳየው ልመለስ ብዬ ነበር፤ ሰይድ ክንዴን ጨብጦ «ከተራ የወጣ ነው የሚጠረጠር፤ ቁም» አለኝ። አለቃው አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም በአንድ በኩል ነው ያበጥነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለጠላት እንደዚያ አዝኜ አላውቅም። እሱም ሕመሜን አይቶ ይሁን ጉጠቱን ፈርቶ፣ ተራውን ለእኔ ለቀቀልኝ።

ሙቀጫው ላይ ተቀመጥኩ። ሰይድ ከኋላዬ ጭንቅላቴን ያዘ። «ማሽላው እንዴት ከረመ ልጄ?» አሉኝ አያ ሙሄ። «ደህና» አልኩ፣ ገባ። አንድ ጊዜ ሲያወዛውዙት ሰማዩ ጠቆረ፤ ሁለተኛ ሲያወዛውዙት እግሬ የራሱን መንገድ ሄደ። ግን አልጮኽኩም። ትንፍሽ አላልኩም። ስንት ጊዜ ማንገቻ ነክሼ የተማርኩት ዝምታ ነው። ዓይኔን ከላዬ ባለች አንዲት የግራር ፍሬ ላይ ተክዬ ቆየሁ። ጥርሱ ሲወጣ ከከበቡት አንዲት ሴት «ውይ፣ ይሄስ ድንጋይ ነው!» ስትል ሰማሁ። ኩራት ደረቴን ነፋው። ጋሼ ወንድይራድ ባዩኝ አልኩ። እንዲያሞግሰኝ ወደ ሰይድ ዞርኩ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

አለቃው ከተቀመጠበት ተነሥቷል። «አንተ፣ ና ወዲህ። ከየት ነህ?» አለኝ።

ሰይድ ቀደመኝ። «የአጎቴ ልጅ ነው ጌታው፤ ዲዳ ነው።»

«ዲዳው ቅድም ‹ደህና› ሲል ሰምቼዋለሁ» አለ አለቃው።

አለቃው ጉንጩን በእጁ ደግፎ ቀስ እያለ ተናገረ። «ከጧት ጀምሬ እዚህ ተቀምጫለሁ። ነጋዴው ጮኸ፣ ግመል ነጂው ጮኸ፣ ያ ሽማግሌም ጮኸ። እኔ ራሴ ወታደር ሆኜ ልጮኽ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ይሄ ግን ዝም አለ። እናንተን ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሳሳድድ ከርሜያለሁ፤ ብንረግጣችሁ አትተነፍሱም። የዝምታ ትምህርት ቤቱ ጫካ ነው።» ከዚያ በአገጩ ወደ ሰይድ አመለከተ። «አያ ሙሄ፣ የዚህንም ንቀል።»

«ጌታው፣ ይሄ ልጅ ምን ጥርስ ታሞበት?» አሉ አያ ሙሄ።

«አልታመመበትም። የፊቱን ንቀል። የገበሬ ልጅ ከሆነ ይጮኻል። የእነዚያ ወገን ከሆነ ግን ከሚጮኽ ሞቱን ይመርጣል፤ ኩራታቸውን አውቀዋለሁ። ይሄም ዝም ካለ ሁለቱንም ካምፑ በር ወዳለው ግንድ ነው የምወስዳቸው።»

ግንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው የሚሰቅሉበት ገመድ አይፈታም ነበር። እኔ አፌ ደም ሞልቶ፣ ያቺን ጥርሴን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ልናገር፣ እኔ ብቻ ነኝ ልል ፈለግሁ፤ ሰይድ በዓይኑ ከለከለኝ። ሲዋኩን ከአፉ አውጥቶ በእጄ አስያዘኝና ሙቀጫው ላይ ተቀመጠ። ሰይድን አውቀዋለሁ፤ ስለት የማያስጮኸው ሰው ነው። በቃ፣ ሞተናል አልኩ። አያ ሙሄ ጉጠቱን አነሡ። ስለ ማሽላው አልጠየቁትም።

ገና ጉጠቱ ከንፈሩን ሳይነካው ሰይድ ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «ኡኡ! ድረሱልኝ! እማዬን! አለቅሁ ወገኖቼ!» እያለ በእግሩ መሬቱን ይደበድባል፣ የአያ ሙሄን ልብስ ይጎትታል፣ በአላህና በነቢ እየማለ ይለምናል። አንዱ ግመል በርግጎ የሸክላ ነጋዴዋን እንስራ ሰባበረው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። የታመመ ጥርስ ለመውጣት ሰበብ ይፈልጋል፤ ጤነኛ ጥርስ ግን አይለቅም። አያ ሙሄ ላብ አጠመቃቸው፣ እንባም ጨምረውበታል መሰለኝ። አለቃው ሲስቅ ሳቁ እብጠቱን ቀሰቀሰበትና «ወይኔ!» ብሎ ጉንጩን ያዘ፤ እንደገና ይስቃል፣ እንደገና «ወይኔ!» ይላል። በመጨረሻ ያ ነጭ ጥርስ ከነሥሩ ወጥቶ አቧራው ላይ ወደቀ። አለቃው ጥርሱን አየ፣ ደሙን አየ፣ ሙቀጫውን አየ። «ውሰደው ይሄን ሴታሴት» አለኝ፤ የራሱንም ጥርስ ሳያስነቅል ወደ ካምፑ ሄደ።

በፍጥነት ወደ ወንዙ ወረድን። ሰይድ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ደሙን ተፋ፣ በውሃው ውስጥ ራሱን ለማየት ሞከረ፤ ውሃው ድፍርስ ነበር። እኔ ሲዋኩን መልሼ ሰጠሁት። ከዚያ ሳቀ። መሐሉ ላይ ያቺን ጥቁር ክፍተት አየኋት። «አሁን ስስቅ ከካምፑ አልታይም፤ ጋሼ ወንድይራድ ደስ ይላቸዋል» አለ። ቆይቶ ደግሞ ሳቁን ተወና «ስማ ደምሴ፣ ዳግመኛ ጥርስ ስታስነቅል ጩኽ። ወላሂ ጩኽ። ጉሮሮ የተሰጠህ ለምን መሰለህ?» አለኝ። እጮኻለሁ ብዬ ማልኩለት።

ገበያ ግን አይረሳም። በስም የሚያውቀው ሰው ከመካከላቸው ነበረ መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ዘፈን ወጣለት። ውሃ የሚቀዱት፣ ማሽላ የሚጠብቁት፣ እህል የሚፈጩት ሁሉ ይሉት ጀመር፦

ሰይድ ጮኸ አሉ ግመሉ ደነበረ፣
ለአንዲት ጥርስ ብሎ ወንድነት ተቀበረ።

ሰይድ ሲሰማው ከሰው ቀድሞ ይስቃል። «ሰይድ የሚባል በይፋት እንደ አሸዋ ነው፤ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ግርዘቱ አውርቶ አያውቅም። እናቱንም ልጠይቃቸው አላለም፤ «ጣሊያን ሲወጣ» እያለ ያራዝመው ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ አላየም። ከጀውሃ በላይ መንገዱ ዳር በተደረገው ግጭት ወደቀ፤ ጠላት ቦታውን ይዞ ስለቆየ ቶሎ ልናነሣው አልቻልንም። የቆላ ፀሐይ ደግሞ ለሬሳ አይራራም። ስናገኘው ፊቱ የሰው ፊት አልነበረም። በቃሬዛ ተሸክመን እናቱ ደጅ አደረስነው። እትዬ ዘሃራ አላለቀሱም። የተከደነበትን ጋቢ ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩና «እንዲህ የሆነ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል። ጥርሱን ልየው» አሉ። ከንፈሩን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ደስታ ዳግመኛ እንዳላይ እግዜርን እለምናለሁ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «የኔ ልጅ አይደለም። የኔ ሰይድ ጥርሱ ሙሉ ነው። ይሄ ያ ገበያ ላይ የጮኸው ሰይድ ይሆናል። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ አላህ ይማረው፤ እናቱን ፈልጉላት።» ተነሥተውም ከቤት አዲስ ነጠላቸውን አመጡ፤ ለሰው ልጅ መገነዣ እንዲሆን። ጋሼ ወንድይራድ አንገታቸውን ደፉ። ሌሎቹ ሁሉ ወደ እኔ አዩ።

ቀረብ አልኩና ከፊታቸው ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ። የእኔን ክፍተት አሳየኋቸው። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሙቀጫው፣ ስለ ዝምታዬ፣ ስለ ግንዱ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ጮኸ?» አሉኝ።

«ጮኸ፣ እትዬ።»

«የኔ ልጅ?»

«የእርስዎ ልጅ። ለእኔ ብሎ።»

ነጠላውን በጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ፈታ አደረጉ፣ እንደገና አጣጠፉ። «ያንን ዘፈን እኔም ብየዋለሁ እኮ» አሉ። «እዚህ ወፍጮው ላይ፣ ማሽላ ስፈጭ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር እየሳቅሁ ብየዋለሁ።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ ስኳር በሻይ እንኳ አልጠጣም። ሰናይት ይህን አታውቅም፤ ሽማግሌ ሁሉ ነገር የሚያበዛ ይመስላታል። ሐኪሟ ስሜን ጠርታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ወንበሩ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሲጋደም ከኋላዬ ጭንቅላቴን የሚይዝ ሰው ፈለግሁ፤ የለም። ገር ልጅ ናት። «አባባ፣ ማደንዘዣ አለ፤ ምንም አይሰማዎትም። ምናልባት ካመመዎት እጅዎን ያንሱልኝ» አለችኝና አፌን ከፈት እንዳደርግ ነገረችኝ። ቅርንፉዱ ሸተተኝ። የምታበራ ቀጭን ብረት አንሥታ ጎንበስ አለች።

«ኡኡ! ድረሱልኝ! እማዬን!» ብዬ ጮኽኩ። ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ። ደጅ የነበሩት ወረፋ ጠባቂዎች ብድግ ብድግ አሉ፣ አንዷ ልጇን ይዛ ወጣች፣ ሰናይት በሩን በርግዳ ገባች። ሐኪሟ ብረቷን ይዛ ከግድግዳው ተለጥፋ ቀርታለች።

«አባባ፣ ኧረ ገና አልነካሁዎትም!» አለችኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። «እሱንም ገና አልነኩትም ነበር።»